አርባ ሰዓትና ሃያ አምስት ዓመት፦ የቀደሙት እንዴት ፈጥነው ይቀሩ ነበር?



ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ቶሎ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ስቸኩል ግን አይገባኝም፤ ቀስ ስል ደግሞ አያልቅልኝም» የሚል። ጠያቂው አንዳንዴ የ12ኛ ክፍል ፈተና የደረሰበት ተማሪ ነው። አንዳንዴ ረመዷን ሳይወጣ ቁርአን ማኽተም የፈለገ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከቴሌግራም ሁለት ሺህ ኪታብ በፒዲኤፍ አውርዶ አንዱንም ያልጨረሰ ነው (ይኸኛው ወገን እየበዛ ነው)። ለሦስቱም ስልካቸው ላይ የሚመጣላቸው ማስታወቂያ አንድ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በደቂቃ ሺህ ቃል ማንበብ ትችላላችሁ ይላል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በዚሁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከአንድ ኪታብ ግማሽ ገጽ ፎቶ አንስቶ፣ ከላይና ከታች ያለውን ሳያይ፣ በዚያች ግማሽ ገጽ ሰው ላይ የሚፈርድ ወጣት በየቀኑ እናያለን። ቶሎ አንብቧል። ምን እንዳነበበ ብትጠይቁት ግን ችግሩ እዚያ ይጀምራል። ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች ፍጥነትንና መረዳትን እንዴት አስማምተው እንደያዙ፣ በኛም በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ንባብ በምን መንገድ ይሰጥ እንደነበር በታሪክ እንመልከት።

ከግብጽ እንጀምር። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (ረሂመሁላህ) በ773 ዓ.ሂ. ካይሮ ተወልደው በ852 ዓ.ሂ. (1449 እ.ኤ.አ.) ያረፉ የሐዲስ ሊቅ ናቸው። ተማሪያቸው አስ-ሰኻዊ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን በአሥር መጅሊስ ቀርተው እንደጨረሱ ተመዝግቧል። እያንዳንዱ መጅሊስ አራት ሰዓት ያህል ነበር። በጠቅላላው አርባ ሰዓት ማለት ነው። ሶሒሕ አል-ቡኻሪ ዛሬ በተለመደው ቁጥር 7,563 ሐዲስ አለው። ብታካፍሉት በደቂቃ ሦስት ሐዲስ ገደማ ይወጣል፤ ያውም ከነሰነዱ፣ ድምፅ ተሰምቶ። የጦበራኒን አነስተኛውን ሙዕጀም ደግሞ በዙህርና በዐስር መካከል በአንድ መቀመጫ ጨርሰውታል።

ሱብሃነላህ፣ ይህን የሰማ ወጣት ወዲያው «እንግዲያው እኔም» ማለቱ አይቀርም። ግን ታሪኩ ግማሽ ላይ ነው። እኚሁ ሰው በዚሁ ኪታብ ላይ ፈትሁል ባሪ የተባለውን ሸርሕ ጽፈዋል። የጀመሩት በ817 ዓ.ሂ. ነው። የጨረሱት በ842 ዓ.ሂ. ነው። አንዱን መጽሐፍ በአርባ ሰዓት የቀራው ሰው ያንኑ መጽሐፍ ለማብራራት ሃያ አምስት ዓመት ወስዶበታል። ስለ ፍጥነት የሚያወሩ ሰዎች አርባ ሰዓቱን ብቻ ይነግሩናል።

ኢብኑ ሐጀር ብቻቸውን አልነበሩም። ከሳቸው አራት መቶ ዓመት በፊት አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ (ያረፉት በ463 ዓ.ሂ. ነው) በ423 ዓ.ሂ. ለሐጅ ሲጓዙ ባግዳድ ከደረሱት ከኢስማዒል አል-ሒሪ ዘንድ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን በሦስት መጅሊስ ቀርተዋል። ሁለቱ ከመግሪብ እስከ ፈጅር የዘለቁ ሌሊቶች ነበሩ፤ ሦስተኛው ከረፋድ ጀምሮ ሌሊቱን አልፎ እስከ ንጋት የሄደ ነው። አዝ-ዘሀቢ ይህን ሲያወሱ በሳቸው ዘመን እንዲህ የሚችል ሰው እንደማያውቁ ተናግረዋል። አል-ሒሪ «አድ-ዶሪር» ይባሉ ነበር፤ ዓይነ ስውር ማለት ነው። መጽሐፉን በጆሯቸው ይከታተሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የቃሙስ ባለቤት አል-ፈይሩዛባዲም ሶሒሕ ሙስሊምን ደማስቆ ውስጥ በሦስት ቀን ቀርተው ጨርሰዋል።

ታዲያ ምን እያደረጉ ነበር? መልሱን በግልጽ ያስቀመጡልን የሕንዱ ሊቅ ሻህ ወሊዩላህ አድ-ዲህለዊ (1703–1762 እ.ኤ.አ.) ናቸው። መካና መዲና ሄደው ሲማሩ የሐረመይን ኡለማ ሐዲስን በሦስት መንገድ እንደሚያስቀሩ አይተው ጽፈዋል። አንደኛው ሰርድ ይባላል፤ ሳያቋርጡና ሳያብራሩ ጽሑፉን በትክክል እያሰሙ መሄድ ነው። ሁለተኛው ሐል ወልበሕስ ነው፤ እንግዳ ቃል፣ የሚያደናግር ስም ወይም የተቋጠረ አባባል ሲገጥም ቆም ብሎ ፈትቶ ማለፍ። ሦስተኛው ኢምዓን ነው፤ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ተቀምጦ ከሱ ጋር የሚያያዘውን ሁሉ ማውጣት። ሰርዱ ለበሰለ ተማሪ ነው፤ ጀማሪውና መካከለኛው በሁለተኛው መንገድ ይሂድ ብለዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኢብኑ ሐጀር በደቂቃ ሦስት ሐዲስ ሲቀሩ በሰነዱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ስም ያውቁታል። ማን ከማን እንደሰማ፣ የት እንደኖረ፣ መቼ እንደሞተ ያውቃሉ። ዓይናቸው «ሱፍያን» ላይ ሲያርፍ ከየትኛው ሱፍያን ጋር እንደሆኑ አያጠራጥራቸውም። ለሳቸው ያ ንባብ ለአንዳችን የሰፈራችንን ሰዎች ስም ዝርዝር እንደማየት ነው። የቀሩትም ለመማር አልነበረም፤ ጽሑፉ ከሸይኹ ከተሰማው ጋር መግጠሙን ለማረጋገጥና ሰማዑን ለማግኘት ነበር። ፍጥነቱ የመጣው ዕውቀቱ ቀድሞ ስለነበረ ነው።

አል-ፈይሩዛባዲ ሕይወታቸው ያለፈው ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመኗ ዘቢድ ነው። ዘቢድ ለኛ አገር ሙስሊም ባዕድ ከተማ አይደለችም። የዳዌው ሙፍቲ ዳውድ (ያረፉት በ1819 እ.ኤ.አ. ነው) ባሕር ተሻግረው ዕውቀት የገበዩት ዘቢድ ነው። እሳቸውን የመሰሉ ኡለማ ሲመለሱ የወሎ ሐሪማዎች ደረሳ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍባቸው ሆኑ። ጀማ ንጉሥ፣ ገታ፣ ዳና፣ ሾንኬ ስማቸው ሳይነሳ የሚታለፍ አይደለም።

የኛ ደጋ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደብረ ታቦር ራስ ጉግሳ መርሶ የመሠረቷትና እስከ ራስ ዓሊ ድረስ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ይፋግ ደግሞ ከጎንደር በሚወርደው መንገድ ላይ የነበረ ትልቅ ገበያ ነው፤ ሙስሊም ነጋዴዎች ይውሉበት ነበር። ዕውቀት የጠማው የበጌምድር ልጅ የጉናን ግርጌ ይዞ፣ ጋይንትንና መቄትን አቋርጦ ወደ ወሎ ይሻገር ነበር። ስንቁ በሶ ነው፤ መጽሐፍ የለውም።

መጽሐፍ የለውም ያልኩት ዋና ነገር ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ ኪታብ በእጅ ይገለበጣል። ሚንሃጅን የሚቀራ ደረሳ ሚንሃጅን ራሱ ይጽፋል ወይም ከሌላው ደረሳ ጋር እየተቀባበለ ይቀራል። እንግዲህ አስቡት፤ ንባቡ የሚሄደው በብዕር ፍጥነት ነው። አንድን መስመር በቀለም የጻፈ ሰው ያን መስመር ሳያየው አላለፈም። ከ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በሙስሊሙ ላይ በደረሰው ግፊት ብዙ ኡለማ ሲሰደዱና ሐሪማዎች ሲበተኑ ደግሞ መጽሐፍ ይበልጥ ብርቅ ሆነ፤ በልብ የተያዘው ብቻ አስተማማኝ ነበር።

ከዚያ ዘመን የተረፉትን የአገራችንን የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች ያየ ሰው ገጹ ባዶ እንዳልሆነ ያውቃል። መስመሩ ሰፋ ተደርጎ ይጻፋል፤ በመስመሮቹ መካከልና በኅዳጉ ላይ በቀጭን ብዕር የተጻፉ ማብራሪያዎች አሉ። አንዳንዱ ዐረብኛ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ዐጀም የምንለው። ሸይኽ ጦልሓ ኢብኑ ጀዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን የጻፉበት አጻጻፍ ይኸው ነው። ከአንድ የፊቅህ ቃል በታች ትንሽ የአማርኛ ቃል ተቀምጣ ስታገኙ፣ አንድ ደረሳ እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ እንደነበር ታያላችሁ። ሸይኹን ጠይቋል፣ ተነግሮታል፣ ጽፎታል። በሁለተኛው ዙር ግን እዚያ ቦታ ላይ አይቆምም። እነዚያ ጽሑፎች የዘገየው ንባብ ምልክቶች ናቸው፤ የሚቀጥለው ንባብ የሚፈጥነውም በነሱ ነው።

የትምህርቱ አካሄድም እንዲሁ ነበር። ደረሳው ሸይኹ ፊት ከመቅረቡ በፊት ክፍሉን ለብቻው አይቶ ይመጣል፤ ሙጣለዓ ነው። ሸይኹ ፊት ቀርቶ ይፈታለታል። ማታ ከጓደኛው ጋር ይመልሰዋል፤ ሙራጀዓ ነው። አንድ ገጽ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ታየ ማለት ነው፤ በሦስት የተለያየ ፍጥነት። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የኖሩት አዝ-ዘርኑጂ ለተማሪ በጻፉት ምክር ይህን እስከ ቁጥሩ አውርደውታል። የትናንቱን ትምህርት አምስት ጊዜ፣ የትናንት በስቲያውን አራት ጊዜ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ሦስት ጊዜ እያሉ እስከ አንድ እንዲወርድ መክረዋል።

የነህው ትምህርት ደግሞ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ኪታብ ሐረካ የለውም። ከፊታችሁ ያለችው ሦስት ፊደል «ጻፈ»፣ «ተጻፈ» ወይም «መጻሕፍት» ልትሆን ትችላለች። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ምላሳችሁ ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው። ስለዚህ ያልገባው ሰው ኪታብ መቅራት ራሱ አይችልም፤ ገና አፉን ሲከፍት ኢዕራቡ ያጋልጠዋል። አጅሩሚያን የጨረሰ ደረሳ ሸይኽ ፊት ሲቀርብ የሚፈራው ይህን ነው። በኪታብ ንባብ ውስጥ መረዳት ሳይኖር ፍጥነት ሊኖር አይችልም፤ አጻጻፉ ራሱ አይፈቅድም።

ቁርአን ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ሰዎች ሲቀሩ እንዳይሳሳቱ ብለው አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ የጀመሩትን ምልክት የማድረግ ሥራ በኋላ ዘመን አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ ዛሬ ወደምናውቀው ፈትሐ፣ ከስራና ዶማ አደረሱት። ይህ ለዐረብ ላልሆነው ሙስሊም ታላቅ እዝነት ነው፤ ያለሱ የእስቴና የዓለም በር ልጅ ቁርአን ባልቀራ ነበር። ነገር ግን በዚያው መጠን አንዲት ቃል ሳይገባን ገጽ ሙሉ ማውረድ ቻልን። ልጆቻችን «አሊፍ ፈትሐ አ፣ አሊፍ ከስራ ኢ፣ አሊፍ ዶማ ኡ» ብለው በቃዒዳ ይጀምራሉ፣ ምላሳቸው ይፈታል፣ ጁዝእ በሃያ አምስት ደቂቃ ያወርዳሉ። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ ቆመናል።

ይህ የኛ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ለማየት ከደብረ ታቦር መውጣት አያስፈልግም። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች በዚሁ ደጋ ዝነኛ የአብነት ትምህርት ቤቶች አሏቸው። ደብረ ታቦር በአቋቋም፣ በጋይንት በኩል ያሉት ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባም በዝማሬ መዋሥዕት በአገር ይታወቃሉ። እነዚያ ሁሉ የሚጀምሩት ከንባብ ቤት ነው፤ የንባብ ቤቱ ሥርዓት ደግሞ ለዛሬው ጥያቄያችን የሚገርም መልስ አለው። ሕፃኑ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ ይለያል። ከዚያ አንዱን ጽሑፍ በደረጃ ደጋግሞ ያነበዋል። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጥረዋል፤ ቁጥር ይሉታል። ቀጥሎ ቃሉን አያይዞ በዝግታ ግዕዝ ያነበዋል፤ ቀጥሎ ውርድ ንባብ ነው፤ በመጨረሻ ቁም ንባብ ይደርሳል፤ ያ ፈጣኑና የተስተካከለው ንባብ ነው። የትኛው ቃል ተነሽ፣ የትኛው ወዳቂ፣ የትኛው ተጣይ፣ የትኛው ሰያፍ እንደሆነ እየተስተካከለ ይሄዳል፤ እኛ በተጅዊድ እንደምናደርገው። ፍጥነት በንባብ ቤት የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ማንም በቁም ንባብ አይጀምርም።

የነሱም ችግር ከኛው ጋር አንድ ነው። ዳዊት የደገመ ሕፃን ግዕዙን እንደ ውኃ ያወርደዋል፤ ትርጉሙን ግን ገና አልተማረም፤ ያ የቅኔ ቤትና የመጻሕፍት ቤት ጉዳይ ነው። ብዙው ልጅ እዚያ ሳይደርስ ወደ እርሻው ይመለሳል። በአንድ ተራራ ጥላ ሥር ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ በሁለት ቋንቋ፣ ምላስን መጀመሪያ ትርጉምን በኋላ አድርገዋል። ሥርዓቱ በራሱ ስሕተት ነበር ማለት ይከብደኛል። ለሚቀጥል ተማሪ ጥሩ መሠረት ነው። የሚጎዳው መንገድ ላይ የቀረውን ነው።

ወደ ቁርአን እንመለስ። የቂራአት ሊቁ ኢብኑል ጀዘሪ (ያረፉት በ833 ዓ.ሂ. ነው) የቂርአት ፍጥነቶችን ለይተዋል። ተሕቂቅ አለ፤ እጅግ የዘገየና ለመማሪያ የሚሆን ነው። ተድዊር መካከለኛው ነው። ሐድር ፈጣኑ ነው። በሐድርም ቢሆን ፊደል አይዋጥም፣ መድ አይጠፋም። ሐድር ማለት መጣደፍ አይደለም፤ የሐፈዘውን የሚከልስ ሰው ፍጥነት ነው። የቁርአን ቃላት 77 ሺህ ያህል ናቸው። ለሠላሳ ስናካፍል አንድ ጁዝእ 2,600 ቃል ገደማ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 130 ቃል ነው። ምላስ በሕጉ ከዚህ ብዙም አትርቅም፤ ሺህ ቃል በደቂቃ የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ቦታ የለውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በወር አንድ ጊዜ እንዲያኸትም ነበር የነገሩት። እሱ የበለጠ እችላለሁ እያለ ሲጠይቅ ወደ ሰባት ቀን አወረዱለት። ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ የሚጨርሰው እንደማይረዳውም የተዘገበው ከዚሁ ሶሓባ ነው። ሶሓቦች ለሳምንት የከፈሉበት መንገድም ታውቋል። ከፋቲሓ ቀጥሎ በቅደም ተከተል ሦስት ሱራ፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ ከዚያ ከቃፍ እስከ መጨረሻው። ሰባት ቀን ሞላ። በአንድ ረከዐ ሙፈሶልን በሙሉ እንደቀራ ለነገራቸው ሰው ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያሳዩት ቁጣም በሶሒሕ ሰነድ ደርሶናል። በሌላ በኩል ኢማሙ ማሊክ በሙወጦእ እንዳሰፈሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሱረቱል በቀራን ለመማር ስምንት ዓመት ፈጅተዋል። 286 አያ ነው፤ በዓመት 36 ያህል መሆኑ ነው። እሳቸው ዐረብ ናቸው፤ ቃሉ አልጠፋባቸውም። ሕይወታቸውን ከአያው ጋር እያስተካከሉ ነበር።  ኢማም አን-ነወዊም በኋላ ሲመዝኑት ልኩ እንደየሰዉ ይለያያል አሉ፤ ሲያስተነትን ትርጉም የሚከፈትለት ሰው የሚረዳው ያህል ይቀንስ፤ ሌላው እስኪሰለችና ቃሉን እስኪያበላሽ ድረስ ሳይደርስ የቻለውን ያብዛ።

በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የቡላቅ ማተሚያ ቤት ካይሮ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የታተሙ ኪታቦች በሐጅ ተመላሽና በነጋዴ እጅ እየገቡ የብዕር ፍጥነት ዘመን ቀስ በቀስ አበቃ። በ1961 ዓ.ም ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ የመጀመሪያውን የአማርኛ የቁርአን ትርጉም አወጡ። ምላሱ የተፈታ ትርጉሙ ግን ያልደረሰው ብዙ ሺህ ሰው ከዚያ በኋላ ምክንያት አልነበረውም። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የገጠሩ እናትና አባት ፊደል ቆጠሩ፤ ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ሽልማት ሰጠበት። ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ነገር በእጃቸው ያልገባ ብዙዎች መልሰው ረሱት። አሁን ደግሞ ሁለት ሺህ ኪታብ በኪስ አለ። የአያቶቻችን ችግር መጽሐፍ ማጣት ነበር፤ የኛ ችግር የትኛውን በምን ፍጥነት እንደምናነብ አለማወቃችን ነው።

የፍጥነት ንባብ ንግድ የተጀመረውም መጽሐፍ ሲትረፈረፍ ነው። ኤቭሊን ዉድ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት በ1959 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ የፍጥነት ንባብ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ተማሩበት። ዋናው ዘዴዋ እጅን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ዓይንን ማስከተል ነበር። (የንባብ ቤቱ ስንደዶ በዶላር ሲሸጥ ማለት ነው።) ተመራማሪዎች ግን ነገሩን መረመሩት። ዓይን በመስመር ላይ እንደማትንሸራተት፣ እየዘለለች እንደምታርፍ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ ነው። በያንዳንዱ ማረፊያ ሩብ ሰከንድ ያህል ትቆያለች፤ አጥርታ የምታየውም ጥቂት ፊደላትን ብቻ ነው። ገጽ ሙሉ በአንዴ ማየት የሚባለው ነገር የለም። ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ፍጥነቱ ከመጠን ሲያልፍ መረዳት እንደሚወርድ፣ አጫጭር መንገድ እንደሌለ፣ የሚያፈጥነው ብዙ ማንበብና ቃላትን ማወቅ እንደሆነ ጽፈዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበው ማርክ ብሪስበርት ደግሞ አዋቂ ሰው እንግሊዝኛን በልቡ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል፣ ድምፅ አውጥቶ ሲያነብ 183 ቃል እንደሆነ አስልቷል። በሺዎች የሚባለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላህ ይወቀው።

ይህ ማለት ግን መዘግየት ሁሉ መረዳት ነው ማለት አይደለም። ፊደል በፊደል የሚቆጥር ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። በ2002 ዓ.ም በአገራችን የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲመዘን በደቂቃ በትክክል የተነበበው ቃል የተቆጠረው ለዚህ ነው፤ ቀጥሎም ስላነበበው ነገር ልጁ ይጠየቃል። ሁለቱ አብረው ነው የሚመዘኑት። የንባብ ቤቱ ቁጥርም ወደ ቁም ንባብ የሚገፋው ያው ምክንያት ስላለው ነው።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ወጣቶች። ለፈተና የምታጠና ከሆነ መጀመሪያ ምዕራፉን በሰርድ እለፈው፤ ርዕሶቹን፣ ሥዕሎቹን፣ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች እያየህ፤ ይህ ሙጣለዓህ ነው። ያላወቅካቸውን ቃላት ብቻ በኅዳጉ ላይ በአማርኛ ጻፍ፤ ደረሳው በዐጀም እንዳደረገው። በሁለተኛው ዙር በሐል ሂድ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጋና ለጓደኛህ በአማርኛ ንገረው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ደጋግሞ ካነበበው ተማሪ ይልቅ ዘግቶ ለማስታወስ የሞከረው ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታውሳል። ፍጥነትህን መለካት ከፈለግህም ለካው፤ ግን መናገር ያልቻልከውን ገጽ አትቁጠረው።

ቁርአን ማኽተም የምትፈልጊ እህቴ፣ በመዲናው ሙስሐፍ ጁዝእ ሃያ ገጽ ነው። ከያንዳንዱ ፈርድ ሶላት በኋላ አራት ገጽ ከቀራሽ በቀን አንድ ጁዝእ ሞላ። ከዚያ ለይተሽ ግን በቀን አምስት አያ ብቻ ከነትርጉሙ ያዢ፤ ይህኛው ላይ ሰዓት አትዪ። የቁርአን ቃላት ሥሮች ሁለት ሺህ አይሞሉም፤ ደግመው ደጋግመው ይመጣሉ። በቀን ሦስት ሥር የያዘ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ በተራዊሕ ኢማሙ በሐድር ሲያወርደው ጆሮው ማንሳት ይጀምራል፤ ኢንሻአላህ።

ፒዲኤፍ ሰብሳቢው ወንድሜም አንዱን ምረጥ። አጭር መትን ይሁን። ሰው ፈልግና ፊቱ ቅራ። የቀሩት አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ይጠብቁሃል፤ ከዚያ በኋላ ሰርድ ታደርጋቸዋለህ።

አንድ አደራ አለኝ። በደብረ ታቦር፣ በእስቴ፣ በዓለም በር፣ በወረታ፣ በነፋስ መውጫም ሆነ በሌላ ቦታ በአያቱ ሣጥን ውስጥ በእጅ የተጻፈ አሮጌ ኪታብ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ጭስ በልቶት፣ ጀርባው ተገንጥሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ «ማንም አያነበውም» ተብሎ ይጣላል። እባካችሁ አትጣሉት፣ ለሻጭም አትስጡት። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ በቀን ብርሃን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፤ በተለይ ኅዳጉን። ዐጀም ማንበብ የሚችል ሸይኽ በአካባቢያችሁ በሕይወት ካለ ይዛችሁ ሂዱና እነዚያን ትንንሽ ቃላት አንድ በአንድ አስነብቡ፣ ጻፉም። ያ ደረሳ የቆመበትን ቦታ ታገኙታላችሁ።

ወሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።